ጎልፍ… ጊዜ ለሌለው ሰው?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ዌልስ ለአውሮፓ ዋንጫ ማለፏን ባረጋገጠችበት ምሽት ጋሬዝ ቤል ከጓደኞቹ ጋር ይዞት የጨፈረውን ባንዲራ የሪያል ማድሪድ ደጋፊ መቼም አይረሳውም። በባንዲራው ላይ ዌልስ አንደኛ፣ ጎልፍ ሁለተኛ፣ ማድሪድ መጨረሻ ነበሩ። ሰውዬው በጃንዋሪ 2023 ጫማውን ሰቀለ፤ ወር ሳይሞላውም በካሊፎርኒያው ፔብል ቢች፣ ባለሙያዎችና አማተሮች ተጣምረው በሚፎካከሩበት ውድድር ላይ የጎልፍ ዱላውን ይዞ ብቅ አለ።

ቤል ገንዘብም ጊዜም አለው። የጎልፍ ጣጣው ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። 18 ጉድጓድ ያለው ሙሉ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ ከነእረፍቱ ታይቶ፣ ስለ ዳኛውም በቂ ጭቅጭቅ ተደርጎ ይጠናቀቃል። ሥራ፣ ልጅና ቤት ያለበት ሰው ይህን ያህል ሰዓት ከየት ያመጣል? ያውም ገና ኳሷን በወጉ መምታት ሳይችል!

የስፖርቱ መሪዎች ጥያቄው ዘግይቶም ቢሆን ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ሕግ የጠፋ ኳስ መፈለጊያ ጊዜውን ከአምስት ወደ ሦስት ደቂቃ ቀነሰው፤ አንድ ምት በ40 ሴኮንድ ውስጥ እንዲመታም መከረ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ታይገር ውድስና ሮሪ ማክሮይ ከመሠረቱት ኩባንያ የመነጨው ቲጂኤል የተሰኘ የቡድን ሊግ በፍሎሪዳ ተጀመረ። ጨዋታው አዳራሽ ውስጥ፣ ግዙፍ ስክሪን ላይ ኳስ እየመቱ የሚካሄድ ነው፤ 15 ጉድጓድ በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቃል። (እዚህ ላይ የእኛን ሰፈር የሚነካ ወሬ አለ፦ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊነቱን ደብቆ የማያውቀው ማክሮይ በዚህ ሊግ የተሰለፈለት ቡድን ቦስተን ኮመን ነው። ባለቤቱ ማን ሆነና? የሊቨርፑሉ ፌንዌይ ስፖርትስ ግሩፕ!)

ዋናው ለውጥ ግን የመጣው ከከዋክብቱ ሳይሆን ከተራው ሰው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጎልፍ ፋውንዴሽን ቁጥሮች እንደሚያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2022 በሜዳ ላይ የተጫወተው ሰው 25.6 ሚሊዮን ሲሆን፣ ከሜዳ ውጭ ማለትም በመለማመጃ ቦታ፣ በስክሪንና ቶፕጎልፍን በመሳሰሉ የመዝናኛ ማዕከላት የመታው 27.9 ሚሊዮን ደረሰ። ከሜዳ ውጭ ያለው ሲበልጥ የመጀመሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በጠቅላላው 47.2 ሚሊዮን አሜሪካዊ ጎልፍ ሲነካ ከእነዚህ ውስጥ 19.1 ሚሊዮኑ ሣር ላይ ጨርሶ አልተጫወተም። ጎልፉን ያልተወ፣ አራቱን ሰዓት ግን የተወ ሕዝብ ማለት ነው።

ይሁንና በአንድ ሰዓት ኪራይ ከምንጣፍ ላይ ኳስ መምታትና ጎልፍ መጫወት አንድ አይደሉም። ምንጣፉ ያታልላል። ጀማሪው ከኳሷ ኋላ መሬቱን ቢመታ እንኳ ዱላው ምንጣፉ ላይ ተንሸራቶ ኳሷን ያገኛታል፤ ኳሷም ትነሳለች፤ ሰውዬውም «ለካ ቀላል ነው» ይላል። ያው ምት ሣር ላይ ሲደገም ዱላው አፈር ዝቆ ይቀራል፣ ኳሷ ሁለት ሜትር ትንከባለላለች። በቤት ውስጥ ጎልፍ የጀመረ ሰው ሜዳ ሲወጣ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ድራይቨር ነው። ያቺን አንድ ሰዓት ያገኘ ጀማሪ በቀጥታ የሚያነሳው ይህንኑ ረጅም ዱላ ነው። ገና ኳስ ማቀበል ሳይማር ከ35 ሜትር ቅጣት ምት ለመምታት የሚጋፋ የሰፈር ልጅ የማያውቅ የለም፤ ይህም እንደዚያ ነው። ድራይቨር ረጅም ከመሆኑ የተነሳ ትንሿን ስህተት አጉልቶ ኳሷን ጫካ ይከታታል። በአንጻሩ 7 ቁጥር አይረን መካከለኛ ርዝመት ያለው፣ ኳስን በቀላሉ የሚያነሳ ዱላ ነው። ሕጉ እስከ 14 ዱላ መያዝ ቢፈቅድም ለጀማሪ ግማሹ ይበቃዋል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታትማ 7 ቁጥሩና ኳስ ወደ ጉድጓድ መግፊያው ፐተር ከበቂ በላይ ናቸው።

ጥቂት ጊዜ ያለው ሰው ታዲያ ምኑን ይለማመድ? የድሮ አሰልጣኞች መልስ አንድ ነበር፤ ጉድጓዱ አጠገብ ያለውን አጭር ጨዋታ። ምክንያትም አላቸው። 72 ምት በተመደበለት ሜዳ 36ቱ ምት የተያዘው ግሪን ላይ ለመግፋት ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ ግን የተጫዋቾችን ምት አንድ በአንድ መዝግቦ ሲያሰላ ነገሩ ተገለበጠ፦ በጎበዙና በደካማው መካከል ካለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው ከ100 ያርድ በላይ ርቀት ከሚመቱት ምቶች ነው። እንግዲህ ማንን እንመን? ለጀማሪ ከሁለቱም መውሰድ ያዋጣል። ፐቲንግ ሜዳም ኪራይም አይፈልግም፤ ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ሲኒ አጋድሞ ማታ ማታ አሥር ደቂቃ መግፋት ነው። ሚስት ትስቅ ይሆናል፤ ትሳቅ። የመለማመጃ ሜዳ ኪራይ የሚከፈልባት ሰዓት ግን በሙሉ ኳስን በንጽህና ለመምታት ብትውል ይሻላል፣ ሳሎን ውስጥ የማይሆነው እሱ ነውና።

ሰዓቷ ብትቆራረጥ ደግሞ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1978 ባድሊና ሎንግማን የተባሉ ተመራማሪዎች የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሠራተኞች መተየብ ሲማሩ ያደረጉት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅሳል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተለማመዱት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ከተቀመጡት ይልቅ ባነሰ ጠቅላላ ሰዓት ቁልፎቹን ለመዱ። የሚገርመው ግን በሥልጠናው እርካታ ያጡትም እነዚያው የአንድ ሰዓቶቹ ነበሩ፤ በቀን አቆጣጠር ስለዘገዩ ወደ ኋላ የቀሩ መሰላቸው። መተየብ ጎልፍ አይደለም፤ ይሁንና እጅ የሚለምድበት መንገድ የተራራቀ አይደለም። እሁድ አንድ ላይ 200 ኳስ መትቶ ወገቡን ይዞ ከሚገባው ይልቅ በሳምንት ሦስት ቀን 30 ኳስ የሚመታው ቶሎ ይለወጣል። ያኛው ግን የበለጠ የሠራ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ሜዳ መውጣት ነው፣ ግን ለ9 ጉድጓድ። «18 ካልሆነ ጎልፍ አይደለም» ለሚል ሰው ታሪኩ መልስ አለው። 18 ቁጥር የመጣው የስኮትላንዱ ሴንት አንድሪውስ እ.ኤ.አ. በ1764 ከ22 ወደ 18 ስለቀነሰ ነው። የመጀመሪያው ዘ ኦፕን እ.ኤ.አ. በ1860 በፕሬስትዊክ ሲካሄድ ሜዳው የነበረው 12 ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ ዞሩት።

በአዲስ አበባ የጎልፍ ሜዳ በጣት የሚቆጠር በመሆኑ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይበልጥ የሚቀርበው በውጭ ላሉት ወገኖች ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን የሚገኘው ላንግስተን ሜዳ፣ በዘር መድልዎ ከሌሎች ሜዳዎች የተገፉ ጥቁር ጎልፈኞች ታግለው እ.ኤ.አ. በ1939 ያስከፈቱት ነው። ሲከፈት 9 ጉድጓድ ነበር፤ 18 የሆነው በ1955 ነው። በእነዚያ ዓመታት በ9 ጉድጓድ ስለተጫወቱ ጎልፈኛ አይደሉም የሚላቸው የለም። ሁለት ሥራ ይዞ የሚሮጥ የዛሬ ነዋሪም በግማሹ ቢጀምር የሚያፍርበት ነገር የለም።

ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ የጀመረው የዓለም የሃንዲካፕ ሥርዓት የደካማውን ተጫዋች ጣሪያ ወደ 54 ከፍ አድርጎታል። ለመመዝገብ የሚጠይቀው ደግሞ 54 ጉድጓድ ነው፤ በ9ም ይሁን በ18 ተከፋፍሎ መምጣት ይችላል። የክለብ አባል ሆኖ፣ ውጤቱን የሚያረጋግጥለት አብሮት የሚጫወት ሰው ይዞ በየእሁዱ 9 ጉድጓድ የሚጫወት ጀማሪ በስድስተኛው እሁድ ሃንዲካፑን ይዞ ቤቱ ይገባል… ለምሳም ይደርሳል፣ ለአራት ሰዓቱ ጨዋታም እንደዚያው።