ጤናችን፦ ጉልበት ከአርባ ዓመት በኋላ

ባለፈው ሳምንት ስለ ምንጭ ውሃ አጠባበቅ አንብበን ነበር። ዛሬም ከምንጩ ብዙ አንርቅም። የዛሬው ንባባችን ግን ስለ ጎልማሳ ሰው ጉልበትና ስለ ምግቡ ነው። ጎልማሳ የምንለው አርባን የተሻገረውን፣ ሽማግሌ ለመባል ግን ገና የሆነውን ሰው ነው። በማታው ክፍላችን ከሚቀመጡት ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ ላይ ናቸው።

እኔ 22 ዓመቴ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ አርባ ዓመት ሰው ጉልበት ስናገር አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ እውነት አላችሁ። እኔ የምጽፈው ከመጽሐፍ ያነበብኩትንና ከአንድ ተማሪያችን ያየሁትን ነው። ካነበብኩት ይልቅ ያየሁት ይበልጣል።

ተማሪያችን 47 ዓመታቸው ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። «ነገሩን ግን ጻፈው፤ ሰው ያንብበው» ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። የምንኖረው በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ የታኅሣሥ ብርዱ አጥንት የሚገባ አገር ነው።

ጋሼ ከሦስት ዓመት በፊት ሞፈርና ቀንበሩን ለበኩር ልጃቸው አስረከቡ። «እኔ ደክሞኛል፤ አሁን የሱ ተራ ነው» አሉ። ክፋት የለውም። ግን ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ምን ሆነ? ጎተራ መጠበቅ፣ ሽምግልና መቀመጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መሄድ። ድሮ ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነበር። ደርሶ መልሱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አሁን መንገዱ ተሠራ፤ ባጃጅ መጣ። መንገዱ መሠራቱ መልካም ነው። ምጥ የያዛት ሴት በጊዜ ጤና ጣቢያ ትደርስበታለች። ለጋሼ እግር ግን አልበጀም።

ምግቡስ? ምግቡ አልቀነሰም። ሲያርሱ ይበሉት የነበረውን ያህል ተቀምጠውም በሉት። ሆዳቸው ገፋ። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። እሳቸው ግን «ዕድሜ ነው» ብለው ተዉት።

ባለፈው ታኅሣሥ የጋሼን ታላቅ ወንድም በድንገት አመማቸው። ጠዋት ሊነሱ ሲሉ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው እምቢ አለ። አፋቸውም ተያዘ። ከጎረቤት አንዱ «መጋኛ ነው» አለ፤ ሌላው «የሰው ዓይን ነው» አለ። ሆስፒታል ሲወሰዱ ሐኪሙ «ለብዙ ዓመት ያልታወቀ የደም ግፊት ያመጣው ነው» አለ። በሽታው ስትሮክ ይባላል።

የደም ግፊት ምንድን ነው? ደም በደም ሥር ውስጥ ሲሄድ የሥሩን ግድግዳ ይገፋል። ይህ መግፋት ከልክ ሲያልፍ ሥሩን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። የተጎዳው ሥር አንጎል ውስጥ ከተደፈነ ወይም ከፈነዳ ሰውየው ይወድቃል። ክፋቱ፣ ደም ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም። አያሳክክም፤ አያስልም። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ሲለካ ሁለት ቁጥር ይነገራል። በተለያየ ቀን ተለክቶ ላይኛው ቁጥር 140 ወይም ታችኛው 90 ከሆነ፣ ወይም ከዚያ ካለፈ፣ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነ 100 ሰዎች 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። ክፍላችን ውስጥ ስንት ሰው እንደምንቀመጥ ቁጠሩና አስቡት።

ጋሼ ወንድማቸውን ካዩ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ አጡ። በማግስቱ ጤና ኬላ ሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን «ለኪኝ» አሏት። 162 በ98 ሆነ። ወደ ጤና ጣቢያ ተላኩ። እዚያም ሁለት ቀን ለይተው ለኩዋቸው፤ ያው ሆነ። ኪኒን ተሰጣቸው። ከዚያም «ጨው ይቀንሱ፣ አረቄውን ይተዉ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ» ተባሉ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ምን የእግር ጉዞ ያስፈልገናል?» ትሉ ይሆናል። በእርሻና በአጨዳ ወራት እውነት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት ይላል። የሚያርስ ሰው ይህን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ነገር ግን አውድማው ከተነሣ በኋላ ያሉትን ወራት አስቡ። ሞፈሩን ለልጁ የሰጠውንም አስቡ። ከአርባ በኋላ ጡንቻ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል። የሚሠራበት ሰው ላይ ግን ቀስ ብሎ ይቀንሳል።

ጋሼ ሸራ ጫማ ገዙ። ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ይሄዱ ጀመር። ወዴት? የትም አይደለም። እስከ ትልቁ ዛፍ ሄደው ይመለሳሉ። ውሻ ጮኸባቸው። ጎረቤት ከደጁ ብቅ ብሎ «ምነው፣ በሬ ጠፋብህ ወይ?» አለ። በማግስቱም ሌላው ጠየቀ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሼ ተዉት። ጫማውን ለልጃቸው ሰጡ።

እኔ ይህን ስሰማ ላበረታታቸው ፈለግሁ። የማሞ ወልዴን ታሪክ ነገርኳቸው። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በማራቶን አንደኛ ሲወጣ 36 ዓመቱ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ደግሞ ሙኒክ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። ያኔ 40 ዓመቱ ነበር። ጋሼ ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ሁለት ቀን ሄዱና እንደገና ተዉት። «መምህር፣ እሱ ወታደር ነው፤ ሥራው ነው። እኔ ያለ ጉዳይ ስዞር ሰው አበደ ይለኛል» አሉኝ። ምክሬ ዋጋ እንደሌለው ያኔ ገባኝ።

መፍትሔውን ያመጡት ባለቤታቸው ናቸው። እትዬ በየቀኑ ከምንጭ ውሃ ይቀዳሉ። ምንጩ ለመሄድ 20 ደቂቃ፣ ለመመለስ 20 ደቂቃ ነው። ሲመለሱ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባቸው አለ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። አንድ ማታ ጋሼ ስለ እግር ጉዞው ሲያማርሩ ሰሙና፣ «እግርህን ማፍታታት ካማረህ ምንጩ እዚያ አለልህ!» አሉ። በንዴት ነው ያሉት። ጋሼ ግን አሰቡበት።

በማግስቱ አህያ ላይ ሁለት ጀሪካን ጭነው ወረዱ። ወንድ ውሃ ሲቀዳ! ምንጩ ላይ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አንዱ ጎረቤት ደግሞ «እትዬ አረፈች እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ጋሼ ተናደዱ፤ ግን ተመልሰው መጡ። በሦስተኛው ቀንም ሄዱ። በሳምንቱ የሚስቅ ቀነሰ። አሁን ሌሎች ሁለት አባወራዎች አህያቸውን ይዘው አብረዋቸው ይወርዳሉ። መንገድ ላይ ጨዋታው ደርቷል።

ለምን ይሄኛው ቀጠለ፣ ያኛው ተቋረጠ? ጋሼን ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ። «ያኛው ቢቀር ማንም አይጠይቀኝም። ውሃው ቢቀር ግን ቡና የለም፤ ወጥ የለም። ቤቱ ሁሉ ይጠይቀኛል።»

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 200 ደቂቃ ይሆናል። 150 ደቂቃው አለፈ። አካሄዱም ደኅና ነው። እየሄዱ ማውራት ይችላሉ፤ መዝፈን ግን ያቅታቸዋል። ልኩ ይህ ነው። ስትሄዱ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ ወይም ካዞራችሁ ግን ቁሙና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ የስንፍና ነገር አይደለም።

እናቶችና እኅቶች፣ ይህ ንባብ «እናንተም ጨምራችሁ ሂዱ» አይላችሁም። ውሃውን፣ እንጨቱን፣ ወፍጮ ቤቱን ለብቻችሁ የምትመላለሱ ሰዎች 150 ደቂቃውን የምትጨርሱት ሰኞና ማክሰኞ ነው። ለእናንተ የሚያስፈልገው ሸክሙ መቃለሉ ነው። የእትዬ ጉልበት ሕመም ቀለል ብሏል። እኔ ስለ ጋሼ ልጽፍ ተነሥቼ ይህን ማየቴ አስደስቶኛል።

ጋሼ ባለፈው ዓመት ፊደል አልቆጠሩም ነበር። አሁን በአንድ ወረቀት ላይ ቀኑን ይጽፋሉ፤ ከጎኑ «ውሃ» ብለው ይጽፋሉ። ወረቀቱ ከበሩ ጀርባ ተለጥፏል። ለራሳቸው ጉዳይ የጻፉት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነው።

ጥር ሲገባ ሠርጉ በዛ። ጋሼ የወዳጅ ሠርግ፣ የዘመድ መልስ እያሉ ዘጠኝ ቀን ከምንጩ ቀሩ። ጠላውም ጥሬ ሥጋውም አልቀረም። ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ባዶ መስመር ሆነ። ማታ ክፍል ሲመጡ ወረቀቱን አጥፈው በኪሳቸው ይዘውታል። «ነገሩ ፈርሷል፤ ልቀደው ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ኅዳር ላይ ለአጨዳ ብለው ከትምህርት ሦስት ሳምንት ቀርተው አልነበረም?» አልኳቸው።

«ቀርቻለሁ።»

«ሲመለሱ 231ዱም ፊደል ጠፍቶብዎት ነበር?»

«ኧረ የለም! ጠ እና ጨ ብቻ ተምታቱብኝ።»

«ታዲያ ከሀ ጀመርን?»

«አልጀመርንም። ከቆምንበት ቀጠልን።»

ሌላ ነገር አልተናገርንም። ወረቀቱን ዴስኩ ላይ ዘረጉት። ባዶዎቹን መስመሮች አልሰረዙም። ከሥራቸው የነገውን ቀን ጻፉ።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። ትልቁ ጠብ በጨው ነው የተነሣው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይብቃው ይላል። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ልክ ነው፤ ለሙሉ ቀን። እትዬ ይህን ሲሰሙ «እኔ ወጥ ውስጥ ጥቂት ቁንጥር ነው የምጨምረው» አሉ። እውነት ነው። ግን አብረን ስንቆጥር ጨው የገባበት ቦታ ብዙ ሆነ። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገባበት። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገባበት። ሁለቱ ወጥ ሲሆኑ እንደገና ጨው ተጨመረ። አዋዜው አለ። ቡናው ውስጥ ሳይቀር ጨው አለ! ያ 2007 ዓ.ም. የተደረገው ጥናትም የአገራችን ሰው በቀን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚበላ አሳይቷል።

መጀመሪያ ጋሼ «ለእኔ ለብቻዬ ይሠራልኝ» አሉ። እትዬ ከፋቸው። ባለሙያ ሴት «ወጥሽ አይጥመኝም» የተባለች ያህል ሆነባቸው። ደግሞስ ሁለት ድስት የሚጥድ ማገዶ ከየት ይመጣል? በኋላ ተስማሙ። አስቀድሞ ከቡናው ላይ ጨው ቀረ። ቀጥሎ አዲሱ ሽሮ ያለ ጨው ተፈጨ። ወጡ ላይ የሚጨመረው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ተቀነሰ። ምላስ እንዲህ ሲሆን ይለምዳል፤ በአንድ ቀን ከሆነ ግን ይሸሻል። አንድ ነገር አትርሱ። የምትገዙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ እንቅርትን ይከላከላል። ድስቱ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይጨመር፤ እሳት ላይ ሲቆይ አዮዲኑ ይጠፋል።

ጎመኑ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ጎመን አይወዱም። ምላሳቸው ሳይሆን ክብራቸው ነው የማይወደው። ጎመን የክረምት፣ የችግር ምግብ ነው ይላሉ። «ጎመን በጤና» የሚባለውን ግን ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ተናግረን ሥጋ ፍለጋ እንሄዳለን። በዚያው ጥናት ከ100 ሰው 98 ያህሉ አትክልትና ፍራፍሬ በበቂ አይበላም። ምንጩ ሁለት ጀሪካን ስለሚያመጣ ልጆቹ በዕቃ ማጠቢያው ውሃ ጓሮ ላይ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ተክለዋል። እንግዳ ሲመጣ አይቀርብም። ለቤተሰቡ ግን በሳምንት አራት ቀን ይቀርባል።

ገብሱን፣ ባቄላውንና ቆሎውን አትናቁ። ሐኪም የሚመክረው እህል እሱ ነው። እሱን ሸጦ ማካሮኒና ለስላሳ መግዛት ኪሳራ ነው።

በዚህ ወር ጋሼ ሲለኩ 138 በ86 ሆነ። ደስ ብሏቸው «ኪኒኑን ልተወው?» ብለው ጠየቁ። ሠራተኛዋ «የወረደው በኪኒኑም ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይተዉት» አለቻቸው። አልተዉትም።

እሑድ እሑድ ጋሼ ወንድማቸው ቤት ይሄዳሉ። ታላቅ ወንድማቸውን በግራ በኩል ይደግፏቸዋል፤ ባለ ምርኩዙ እጅ ግራው ነውና እየተቀያየሩ ይሞክራሉ። ከበሩ እስከ አጥሩ 14 እርምጃ ነው። ባለፈው እሑድ ደርሰው ተመለሱ። ጋሼ ቤታቸው ሲገቡ በወረቀታቸው ላይ ሁለተኛ መስመር አሰመሩ፤ «ወንድሜ፣ 28» ብለው ጻፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት በኪኒን ማሸጊያ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ እናያለን። ቤታችሁ ያለውን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ።