የቻርጀር ገመድ ርካሽነትና ውድነት በምን ይለካል?

በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሚታዩት ዕቃዎች መካከል እንደ ስልክ ቻርጀር ገመድ የተናቀ ያለ አይመስልም። ባለሱቁ በእሽግ ይቀበለዋል፤ በሚስማር ላይ ይሰቅለዋል፤ ገዢውም ቀለሙን አይቶ፣ ዋጋውን ተከራክሮ ይዞት ይሄዳል። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ጫማውና ስለ ዘይቱ ብዙ የሚጠይቅ ሰው ስለዚህ ገመድ አንዲት ቃል ሳይጠይቅ ገንዘቡን ከኪሱ ያወጣል። ይሁን እንጂ ገመዱ በሁለተኛው ወር ሲበላሽ ተይዞ የሚመለሰው ወደዚያው ሱቅ ነው፤ ያን ጊዜም የሚጠፋው የገመዱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የባለሱቁ ስም ጭምር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጥሊሊን ማየት ይበቃል። ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጣለች። በገበያ ቀን ድንቹን፣ ገብሱን ወይም የዲከረንስ ከሰሉን ይዞ ከየቀበሌው የሚወጣው ገበሬ ስልኩንም በኪሱ ይዞ ይመጣል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ስልክ የመነጋገሪያ መሣሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። የድንቹን ዋጋ በስልኩ የተቀበለ ሰው ባትሪው ሲያልቅበት፣ ሌባ ሳይነካው ባዶ እጁን የቀረ ሰው ይሆናል። ቤቱ መብራት ያልገባለት ገበሬ ደግሞ ስልኩን በከተማ የሚሰካበት ጊዜ ቢበዛ ገበያው እስኪፈታ ድረስ ነው። ገመዱ ደካማ ከሆነ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግማሽ እንኳ ሳይሞላለት መንገድ ይጀምራል። እንግዲህ ስለ ገመድ መነጋገር ትንሽ ነገርን ማግነን አይደለም።

በአዊ ምድር ፈረስ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ፣ ኮቴውን አንሥቶ ሳይመረምር፣ ጥቂትም ሳያስጋልበው ገንዘብ አይቆጥርም። ቀድሞ በማርያ ቴሬዛ ብር ይገበያዩ የነበሩት አባቶችም 1780 ተብሎ የተቀረጸበትን ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣታቸው እየዳሰሱ ይመረምሩ ነበር፤ የፈዘዘውንና የተፋቀውንም ለባለቤቱ ይመልሱ ነበር። የዛሬው ገበያተኛ ይህን የመመርመር ልማድ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ፊት የተወው ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ የቱ ላይ ማየት እንደሚገባው የነገረው ስለሌለ ነው። ይህንም ሊነግረው የሚገባው ሻጩ ነው።

የገመድ ጥርሱ መዳቡ ነው። በሽፋኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙ ሁለት ዋና ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ያደርሳል፣ ሁለተኛው ይመልሳል። ሽቦው በቀጠነ መጠን ከኀይሉ ብዙው ወደ ሙቀት እየተለወጠ በመንገድ ይቀራል፤ ይኸውም እህልን በቀዳዳ ጆንያ እንደ መጫን ያለ ነው። ውፍረቱ የሚገለጸው ብዙ ጊዜ በአሜሪካ የሽቦ መለኪያ ቁጥር ሲሆን፣ በዚህ አቈጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ይህን ገልብጦ እንዳይረዳው ያስፈልጋል። 28 ቁጥር የሆነው ሽቦ 0.32 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው፣ 24 ቁጥሩ 0.51 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ለዓይን ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ገመድ ውስጥ 2 አምፔር ሲያልፍ፣ ከተለመደው 5 ቮልት ላይ በ28 ቁጥሩ የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልስ 0.85 ቮልት ያህል ሲባክን፣ በ24 ቁጥሩ የሚባክነው 0.34 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ገመዱ ሁለት ሜትር ሲሆን ብክነቱ እጥፍ ይሆናል። ስልኩም ቮልቱ እንደ ወረደ ሲያውቅ የሚስበውን መጠን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም «ስልኬ አረጀ» እያለ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል።

ከቀጭኑ መዳብ የሚብሰው ደግሞ መዳብ የተቀባው አሉሚንየም ነው። አሉሚንየም ከመዳብ ይልቅ ርካሽና ቀላል ሲሆን፣ በእኩል ውፍረት ኤሌክትሪክን የመሸከም ችሎታው ከመዳብ ከመቶ 60 ገደማ ነው፤ ደግሞም ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቶሎ ይሰበራል። ላዩ በመዳብ ስለሚቀባ ተቈርጦ እንኳ ቢታይ ቀይ ይመስላል። ስለዚህ ባለሱቁ ከእያንዳንዱ አዲስ ካርቶን አንድ ገመድ መሥዋዕት አድርጎ ይቍረጥ፤ ሽቦውንም በምላጭ ይፋቀው። ተፍቆም እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ነጭ ከወጣ ግን ካርቶኑን ላከፋፋዩ መመለስ ይገባል። ማግኔት የሚስበው ሽቦ ከሆነም በውስጡ ብረት አለበት ማለት ነው። በዚህ ምርመራ የሚሰካው ጫፍ አይገባም፤ የደኅናውም ገመድ ጫፍ በብረት ሊለበጥ ይችላልና። ለአንድ ካርቶን አንድ ገመድ ማጥፋት ብክነት የሚመስለው ሰው፣ ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ እንደሚያይ ያስታውስ።

በጨርቅ የተጐነጐነው ሽፋን ዛሬ የብዙ ገዢዎችን ዓይን የሚስብ ሆኗል። ሽፋኑ ከመፋቅ ያድናል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ውስጡ ሽቦ ምንም የሚመሰክረው ነገር የለም፤ እንዲያውም የተሰበረውን ሽቦ ደብቆ ያቆያል። ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በወገቡ ሳይሆን በአንገቱ፣ ይኸውም ከመሰኪያው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ገዢው አንገቱን ይዞ ቀስ አድርጎ ይጠፈው፤ ረዘም ብሎ እየቀጠነ የሚሄድ ለስላሳ ጎማ ያለው ዕድሜ ይኖረዋል፤ ሽፋኑ ከመሰኪያው ተላቆ ክፍተት የሚታይበት ግን ገና በሱቁ ሳለ የታመመ ነው። የተላጠውን አንገት በፕላስተር ጠቅልሎ መጠቀም በብዙ ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ ሽቦ ከሽቦ ተገናኝቶ እሳት ሊያስነሣ የሚችል አደገኛ ልማድ ነው።

በማሸጊያው ላይ ስለሚጻፉት ታላላቅ ቁጥሮችም አንድ ቃል መናገር ያሻል። 100 ዋት፣ 120 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ገመድ በዋጋው ከፍ ብሎ ይሸጣል። ሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነ ደንበኛ ገመድ 3 አምፔር፣ ይኸውም እስከ 60 ዋት ሊሸከም ይገባዋል፤ 5 አምፔር እንዲሸከም የተሠራው ደግሞ ችሎታውን ለመሣሪያው የሚናገር ትንሽ ቺፕ በውስጡ ሊኖረው የግድ ነው። አንደኛው ጫፍ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ከሆነ ግን ደረጃው የሚፈቅደው 5 ቮልት በ3 አምፔር፣ ይኸውም 15 ዋት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሚሠራው ስልክ ሠሪዎች በየግላቸው ባወጡት ዘዴ ነው፤ ይህም ገመዱ፣ የቻርጀሩ ራስና ስልኩ ሲስማሙ ብቻ የሚገኝ ፍጥነት ነው። በ10 ወይም በ18 ዋት የሚሞላ ስልክ የያዘ ደምበኛ የላፕቶፕ ገመድ ቢገዛ ያወጣው ትርፍ ገንዘብ ለማሸጊያው ጽሕፈት የተከፈለ ነው።

መጥፎ ገመድ ጉዳቱ ከመዘግየት አልፎ ዕቃ እስከ ማበላሸት የሚደርስ መሆኑንም ዓለም አይቷል። ቤንሰን ሌውንግ የተባለ የጉግል ኩባንያ መሐንዲስ በ2015 እ.ኤ.አ. በአማዞን የሚሸጡትን የታይፕ ሲ ገመዶች እየገዛ ይመረምር ጀመር፤ ብዙዎቹም ከደረጃው ውጪ ሆነው አገኛቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንዱ ገመድ ሽቦው በተሳሳተ ስፍራ ተያይዞ ስለ ነበር የሚመረምርበትን ኮምፒዩተር አበላሸበት። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አማዞን ደረጃውን ያልጠበቁ የታይፕ ሲ ገመዶች በገበያው እንዳይሸጡ ከለከለ። አንድ ሰው በራሱ ትጋት ያን ያህል ትልቅ ገበያ እንዲታረም ምክንያት ከሆነ፣ በየከተማው ያለ የነጋዴዎች ማኅበር ለገዛ ገበያው ይህን ማድረግ የሚያቅተው አይሆንም።

አስመጪው በበኩሉ የሚያስብበት ሌላ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግዛቱ የሚሸጡ አዲስ ስልኮች በሽቦ የሚሞሉ ከሆነ የታይፕ ሲ መሰኪያ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ አፕልም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው አይፎን 15 ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞት የነበረውን የራሱን መሰኪያ ትቶ ወደዚሁ ገብቷል። በጥሊሊ ገበያ ማይክሮ የሚባለው ጠባብ መሰኪያ ያላቸው ስልኮች ገና በብዙ እጅ ያሉ ስለ ሆነ ገመዳቸው ከሱቅ ሊጠፋ አይገባም፤ ነገር ግን ለዓመታት የሚበቃ የማይክሮ ገመድ በመጋዘን የሚያከማች ነጋዴ ገንዘቡን አስሮ መቀመጡን ይወቅ።

ደግሞም የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ አለ። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የብር ዋጋ ብዙ ስለ ወረደ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ከብዷል። ላኪው በቡናና በሰሊጥ ደክሞ ያገኘው ዶላር በሁለት ወር ውስጥ ለሚጣል ገመድ ሲውል ማየት የሚያሳዝን ነው። የጂቡቲ ወደብ ኪራይም ሆነ የጭነት ዋጋ ለጥሩው ገመድና ለመጥፎው ገመድ አንድ ነው።

ስለ ዋጋ ለመነጋገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ ቢባል፣ 100 ብር የተሸጠ ገመድ ሁለት ወር ቢያገለግል ገዢው በዓመት 6 ገመድ ይገዛል፤ 600 ብር አወጣ ማለት ነው። 300 ብር የተሸጠው ዓመት ቢቆይ ወጪው እኩሌታ ነው። አንዳንድ ባለሱቅ ይህን ሲሰማ «ስድስት ጊዜ መሸጥ ለእኔ አይሻልምን?» ይል ይሆናል። በትልቅ ከተማ አላፊ አግዳሚውን ለሚሸጥ ሰው ይህ አነጋገር ያስኬድ ይሆናል፤ በጥሊሊ ግን ሻጭና ገዢ በስም ይተዋወቃሉ፤ እንጅባራም ሩቅ አይደለችም። ሦስተኛ ገመዱ የተበላሸበት ደምበኛ አራተኛውን እንጅባራ ወርዶ ይገዛል፤ ከገመዱም ጋር ስኳሩን፣ ሳሙናውንና የልጆቹን ደብተር ከዚያው ይዞ ይመለሳል።

ይሁንና በእጁ ያለው ገንዘብ ጥቂት የሆነ ደምበኛ መኖሩ አይካድም። ለእርሱ የሚሻለው ረጅሙና ቀጭኑ ሁለት ሜትር ሳይሆን አጭሩና ወፍራሙ ነው። ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር የሆነ፣ ጌጥ የሌለው፣ ሽቦው ደኅና መዳብ የሆነ ገመድ ከአንጸባራቂው ረጅም ገመድ ብዙም ሳይበልጥ ሊሸጥ ይችላል። ባለሱቁ ቀጭኑንም ቢይዝ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን «ይህ ቀጭን ነው፣ ቀስ ብሎ ይሞላል» ብሎ አስታውቆ ይሽጠው።

ለዚህ ሁሉ የሚረዳ አውራ ጣት የሚያህል የዩኤስቢ መለኪያ አለ። በቻርጀሩ ራስና በገመዱ መካከል ሲሰካ ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደሚያልፍ በቁጥር ያሳያል። በአንድ የቻርጀር ራስና ባትሪው ከግማሽ በታች በሆነ በአንድ ስልክ ልዩ ልዩ ገመዶችን እያፈራረቁ ቢሰኩ፣ አምፔሩ ከፍ ያለው የትኛው እንደ ሆነ ገዢው ራሱ በዓይኑ ያያል። ሚዛን በባንኮኒ ላይ እንደሚቀመጥ ይህም ቢቀመጥ መልካም ነው። አንዳንድ ጊዜም ጥፋቱ የገመዱ ሳይሆን በስልኩ መሰኪያ ውስጥ የተጠቀጠቀው የኪስ ብናኝና ዱቄት ሆኖ ይገኛል፤ ስልኩ ጠፍቶ በእንጨት ስንጥር ቀስ ተብሎ ሲጸዳ አሮጌው ገመድ እንደ አዲስ ይሠራል። ይህን ያለ ዋጋ የሚሠራ ባለሱቅ የዚያን ቀን ገመድ ባይሸጥም ደምበኛውን አላጣም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶት ነበር። ቸርቻሪው ይህን ቢፈጽም፣ ያከፋፈለው ነጋዴ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢለው፣ ኪሳራው በትንሹ ሰው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚያከፋፍሉት ነጋዴዎች ለቸርቻሪው ያንኑ የ15 ቀን ውል በጽሑፍ ቢሰጡት፣ አስመጪውም ለፋብሪካው በሚልከው ትእዛዝ ላይ የሽቦውን ቁጥር፣ ንጹሕ መዳብ መሆኑንና ርዝመቱን አስጽፎ፣ ከጭነቱም በፊት ናሙና ተቀብሎ ቢቈርጥ ይገባል። በሱቁ ደግሞ ለእያንዳንዱ ገመድ ደረሰኝ ይቈረጥ፤ ተበላሽቶ በሚመለሰው ላይ የተሸጠበትና የተመለሰበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ይታሰርበት፤ በወሩ መጨረሻም ከእነ ወረቀቱ ለአከፋፋዩ ይላክለት።