ሌላው የጀመረውን አውሮፕላን ስለ መጨረስ

ጅምር ቤት ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ለመረዳት አይቸገርም። ግድግዳው ቆሟል፤ ልስኑም አምሯል። ከልስኑ ሥር ያለው ብረት ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፣ ሲሚንቶውስ በምን መጠን እንደተቦካ የሚያውቀው ግን የጀመረው ሰው ብቻ ነው። ያም ሆኖ ቤት መሬት ላይ የተተከለ ነውና ጉድለቱን በስንጥቅ እያሳበቀ ቀስ በቀስ ይናገራል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጅምር እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ይኸውም በግለሰብ ጋራዥ ውስጥ ተጀምሮ ሳያልቅ ለሌላ ሰው የተሸጠ አውሮፕላን ነው።

ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ላብራራ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ የገዛ አውሮፕላንን በእጅ መሥራት የቆየ ልማድ ሲሆን የዚህ ሙያ አፍቃሪዎች ማኅበር የተመሠረተው በ1953 ነው። ፋብሪካው የአሉሚኒየም ቱቦውን፣ ብሎኑን፣ ጨርቁንና ንድፉን በሣጥን አሽጎ ይሸጣል፤ ይህም ኪት ይባላል። ከሁሉም ቀላሉ ዓይነት አልትራላይት የሚሰኘው ነው። በ1982 የወጣው የአሜሪካ ደንብ እንደሚለው አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ግራም የማይበልጥ፣ 19 ሊትር ገደማ ነዳጅ የሚጭንና ፍጥነቱ በሰዓት ከ102 ኪሎ ሜትር የማያልፍ ከሆነ፣ አብራሪው የበረራ ፈቃድ፣ አውሮፕላኑም የብቃት ምስክር ወረቀት አያስፈልጋቸውም።

በደስታ የተጀመረው ሥራ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። ልጅ ይወለዳል፣ ሥራ ይቀየራል፣ ገንዘብ ያልቃል። ከዚያም ባለቤቱ «ዘጠና በመቶው አልቋል» ብሎ ለገበያ ያቀርበዋል። የሙያው ሰዎች እንደሚቀልዱት፣ የቀረውም ሌላ ዘጠና በመቶ ነው።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ገዢው መጀመር ያለበት ሻጩ ካቆመበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ብሎን ነው። የተሠራውን ፈትቶ፣ ለክቶ፣ ካልጣመውም ጥሎ እንደገና ካልሠራ በቀር አውሮፕላኑ የእርሱ አይደለም። ይህ አባባል የተጋነነ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። «ቀላልና ዝግተኛ መሣሪያ ነው፤ መንግሥት እንኳ አልመርምረው ብሎ ትቶታል» ይላሉ። እኔ ግን ከዚሁ ነጥብ ተነሥቼ ተቃራኒው ላይ እደርሳለሁ። መርማሪ የሌለው መሣሪያ መርማሪው ሠሪው ራሱ ነውና ሸክሙ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ችግሩ ዋና ዋናዎቹ ስሕተቶች ከዓይን የተሰወሩ መሆናቸው ነው። አንድ ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ መሐል ከብረቱ ጠርዝ ቢያንስ የብሎኑን ዲያሜትር እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። በትሬፓኖ ሁለት ሚሊ ሜትር የሳተ ሰው ስሕተቱን በብሎኑ ራስ ሊሸፍነው ይችላል። በእንጨት ክንፍ ላይ ደግሞ በደንብ ያልተጣበቀ መጋጠሚያ ከውጭ ሲታይ ከጠንካራው አይለይም። ከዚህ ሁሉ በላይ የፖሊስተር ጨርቅ ይለብሳል፤ ጨርቁ ሙቀት ሲነካው ስለሚሸማቀቅ በካውያ ተተኩሶ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ካውያው ሥራውን ሲጨርስ ክንፉ ተዘጋ ማለት ነው።

ሌላው ሰው የወሰነውን ሳያጤኑ መቀበል ምን እንደሚያስከትል የታወቀ ምሳሌ አለ። ዝነኛው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር ጥቅምት 1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ላይ ወድቆ የሞተው ሎንግ-ኢዚ በተባለ፣ ከአልትራላይት ከፍ ባለ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑን የሠራው ሌላ ሰው ሲሆን እርሱ የገዛው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። በነዳጅ ታንኮቹ መካከል የሚያማርጠው እጀታ በንድፉ መሠረት በአብራሪው እግሮች መካከል መሆን ሲገባው፣ ሠሪው ነዳጅ ወደ መቀመጫው ክፍል እንዳይገባ ብሎ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አኖረው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን እጀታውን ለማዞር አብራሪው ወደ ኋላ መጠማዘዝ ነበረበት፤ በዚያ ቅጽበት ሳያስበው ቀኝ መሪውን በእግሩ እንደ ረገጠ መርማሪዎቹ ደምድመዋል። ስለ ነዳጁ በቂ ዝግጅት አለማድረጉንና በዚያ አውሮፕላን ላይ በቂ ሥልጠና አለማግኘቱንም ከምክንያቶቹ ቆጥረዋል። ሆኖም ሠሪው ለምን ከንድፉ እንደ ወጣ ጠይቆ እጀታውን ወደ ቦታው የመለሰ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ ማሰቤን መተው አልቻልሁም።

ስለዚህ ከኪቱ ሁሉ ውዱ ዕቃ የሠሪው መዝገብ ነው እላለሁ። በአሜሪካ ሕግ ከአልትራላይት ከፍ ያለ የቤት ሥራ አውሮፕላን ሲመዘገብ፣ አብዛኛው ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሠሩ ሰዎች መከናወኑ መረጋገጥ አለበት። ማስረጃውም በየዕለቱ የተጻፈው መዝገብና ፎቶግራፉ ነው። መዝገብ የሌለው ጅምር፣ ዋጋው የቱቦውና የብሎኑ ዋጋ ብቻ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ገጠመኝም ተነሥቼ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከእኛ በፊት የተመረቁ ልጆች የጀመሩትን አነስተኛ የነፋስ ዋሻ እንድንጨርስ ተሰጠን። አንድም ማስታወሻ አልተዉም ነበር። እኛም እንደ ብልኅ ሰው ከተቋረጠበት ቀጠልን፤ የሚዛኑ ንባብ ለምን እንደሚዋዥቅ ሳናውቅ ሦስት ወር ባከነ። በመጨረሻ ስንፈታው የሚዛኑ ዘንግ ከግድግዳው ጋር ይነካካ ኖሯል። እኛ የከሰርነው ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አልትራላይቱ 115፣ አብራሪው 80፣ ነዳጁ 14 ኪሎ ግራም ቢሆን ድምሩ 209 ነው። ሁለት ባለቤቶች በየፊናቸው ቀለምና ማጠናከሪያ እየደራረቡ 20 ኪሎ ቢጨምሩበት ክብደቱ በአሥር በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ዝቅተኛ ፍጥነትም በአምስት በመቶ ያህል ይጨምራል። ጭማሪው ያረፈበት ቦታ ደግሞ ከመጠኑ ይብሳል። ከክብደት ማዕከሉ አራት ሜትር ርቆ ጅራት ላይ የተጨመረ አንድ ኪሎ፣ በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ የተጨመረ ስምንት ኪሎ ያህል ያጋድላል።

በሀገራችን ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመራል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ሲሆን በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛው ገደማ ነው። የክንፉ ሽቅብ ኃይል ከእፍግታውና ከፍጥነቱ ካሬ ብዜት ጋር ስለሚመጣጠን፣ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነቱ በ12 በመቶ ማደግ አለበት። የፍጥነት መለኪያው ይህን አይናገርም፤ እርሱም የሚለካው ያንኑ የሳሳ አየር ግፊት ነውና። ሞተሩም ከአምስት አንድ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ጉልበቱን ያጣል። በ2015 ወጣቱ አስመላሽ ዘፈሩ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ የሠራውን አውሮፕላን ለማብረር ሲሞክር የተጋፈጠው ይህንን አየር ነበር። የመጀመሪያ ሙከራው ባይሳካም አንድ ነገር ግን በእጁ ነበረ፤ እያንዳንዱን ብሎን ያሠረው እርሱ ስለሆነ ስሕተቱን የት እንደሚፈልግ ያውቃል። ጅምር የገዛ ሰው ይህን ዕውቀት የሚያገኘው በመፍታት ነው።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ያነበበ አንድ ተማሪዬ «ሁሉን የሚፈታው ከሆነ ታዲያ ለምን አዲስ ኪት አይገዛም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንደኛው መልስ ዋጋው ነው፤ ጅምሩ ርካሽ ነው። ሁለተኛውን መልስ የሰጠሁት ግን የተፈታውን የነፋስ ዋሻ ሚዛን ከመደርደሪያው አውርጄ በእጁ በማስያዝ ነበር። ዘንጉ የተፋቀበት ቦታ ዛሬም ይታያል።