ከጾታው በፊት ዕድሜው

በገበያ ቀን ከጎዛምን፣ ከአነደድ ወይም ከማቻከል ደብረ ማርቆስ የሚመጡ ባልና ሚስት፣ ሚስቲቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች እህሉን ሸጠው ሲያበቁ አንድ ጉዳይ ይቀራቸዋል፤ አልትራሳውንድ መታየት። የማውቃቸው አዋላጆች እንደሚነግሩኝ ከመመርመሪያው አልጋ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ሲስተር፣ ወንድ ነው ሴት?»

ጥያቄውን አልነቅፍም። መሣሪያው ሳይመጣ በፊትም ሲጠየቅ የኖረ ነው። እናቶቻችን የሆዷን አወጣጥ አይተው፣ ጽንሱ በየትኛው ጎን እንደሚራገጥ ጠይቀው፣ መውለጃዋ ሲቃረብ የሚገነፋውን ገንፎ ሳይቀር ተመልክተው ይገምቱ ነበር። ጾታ በቤታችን ትልቅ ነገር ነው። ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት እልልታ የሚባልበት አካባቢ ብዙ ነው። ክርስትናውም ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ስለሆነ ድግሱ የሚጠነሰስበት ጊዜ እንኳ በዚሁ ይወሰናል። ስለዚህ ለማወቅ መጓጓት ያለ ነው።

የምቃወመው መልሱን ነው። በሁለት ወር ተኩል፣ በሦስት ወር እርግዝና ላይ «ወንድ ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ የሚሸኝ ባለሙያ ያላየውን እንዳየ አድርጎ እየተናገረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ድረስ የወንዱም የሴቷም ጽንስ በእግሮቹ መካከል ያለችው ትንሽ ጉብታ አንድ ዓይነት ናት። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የወንዱ ጉብታ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ የሴቷ ከጀርባ አጥንቷ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል። ይህን አቅጣጫ ለክተው ጾታ ለመለየት የሞከሩ ለንደን ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት አለ። በ11ኛው ሳምንት ትክክል ያሉት 70 በመቶውን ነው። በ12ኛው ወደ 99 በመቶ ደረሱ፤ በ13ኛው አልተሳሳቱም። ዐይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው ከ10 ልጆች 5ቱን ማግኘቱ ስለማይቀር፣ በ11ኛው ሳምንት 7 ማግኘት የሚያኮራ አይደለም። ደግሞ እነዚያ ሐኪሞች በሙያው የተካኑ ነበሩ፤ መሣሪያቸው የተሻለ ነበር፤ የጽንሱንም ዕድሜ በቀን ቆጥረው ያውቁ ነበር። የእንግዴ ልጁ በቀኝ ከተለጠፈ ወንድ፣ በግራ ከሆነ ሴት የሚለው ወሬ ግን በጥናት ሲፈተሽ አልጸናም።

የእኛ ችግር የሚብሰው ዕድሜው ላይ ነው። አብዛኛዋ የገጠር እናት የመጨረሻ የወር አበባዋን የምታስታውሰው በበዓል ነው። «ፍልሰታ ሊፈታ ሲል»፣ «ከጥቅምት ሚካኤል ወዲያ» ትላለች። ጡት እያጠባች ያረገዘችው ደግሞ አበባዋን ጭራሽ ሳታይ የፀነሰች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አሥራ ሁለት ሳምንት ሆነኝ የምትለው ገና ዘጠኝ ልትሆን ትችላለች። በዘጠኝ ሳምንት ደግሞ ሁለቱም ጉብታዎች አንድ ናቸው። ዕድሜው ሳይታወቅ ጾታው ሊታወቅ አይችልም።

ስሕተቱ የሚያርፈው በእናቲቱ ላይ ነው። ሦስት ሴት ልጆች ያሏትን ሴት አስቡ። በሦስተኛ ወሯ «ወንድ ነው» ተባለች። ባሏ ለአባቱ ነገረ፣ አባቱ ለጎረቤት። ምጧ ሲመጣ የተወለደችው ሴት ናት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሉት ሴቶች ድምፅ ይቀዘቅዛል፤ እሷም በደም በላብ ታጥባ የወለደቻትን ልጅ እንደ በደለኛ ታቅፋ ትቀመጣለች። ልጅ ተቀየረብን ብሎ የሚከስም አይጠፋም። «ሴት ናት» ተብላ የተሸኘችዋ ደግሞ የዘጠኝ ወሩን እንክብካቤ በሦስተኛው ወር ልታጣ ትችላለች። ይህ ሁሉ በአንዲት ችኩል ቃል ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጎጃም አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ኖሮ ባጠናውና እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ ሴት ልጅም ትወርስ ነበር። ሴት ልጅ በቤቱ ቦታ ነበራት ማለት ነው። ሕንድ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በሕግ የጽንስ ጾታን መናገር የከለከለችው ሴት ጽንስ እየተመረጠ ይወገድ ስለነበር ነው። እኛ እዚያ አልደረስንም። ባለሙያ ጾታ ጭራሽ እንዳይናገር በሕግ ይከልከል የሚል ሐሳብም የለኝም። ሳያይ እንዳይናገር ነው የምለው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መሣሪያው በእርግጥ የሚያየው ሌላ ብዙ ነገር አለ። በ12ኛው ሳምንት ከአናቱ እስከ መቀመጫው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ጽንስ ለክቶ ዕድሜውን ከአንድ ሳምንት ባልበለጠ ልዩነት ይናገራል። በኋለኞቹ ወራት ይህን ያህል ትክክለኛ ልኬት አይገኝም። ልቡ እንደሚመታ፣ በማሕፀን ውስጥ እንደተቀመጠ፣ መንታ ከሆነም የእንግዴ ልጁን ይጋሩ እንደሆነ ያሳያል። ምጡ ያለ ጊዜው ነው ወይስ ጊዜው አልፏል የሚለው የሕይወትና የሞት ጥያቄ የሚፈታው በዚህች ልኬት ነው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት የአገራችን እናቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ጉጉቱን ለዚህ ማዋል ይቻላል። በሦስተኛ ወሯ ለመጣችው «ዕድሜው ይኸው፣ ልቡ ይኸው፤ ጾታውን አምስተኛ ወርሽን ስትይዢ ነይና እናያለን» ማለት እውነት ነው፣ ደግሞም ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ ይደረግ የሚል ነው። ከጮቄ ሥር ለምትመጣው፣ መንገዱ ተከፍቶ ይሁን ተዘግቶ በማይታወቅበት በዚህ ጊዜ አንድ ጉዞ ብቻ ለሚቻላት፣ ከ18 እስከ 22 ባለው ሳምንት መምጣት ይሻላታል። ያኔ ጾታው በደንብ ይታያል፤ ዕድሜውም ገና ሊለካ ይችላል፤ የአካል ጉድለት ካለም ይታወቃል።

የክልሉ ጤና ቢሮ ለግልም ለመንግሥትም ተቋማት ሁለት ነገር ቢያዝ ደስ ይለኛል። ከ18ኛው ሳምንት በፊት ጾታ አይነገር። ከማንኛውም ምርመራ በኋላ ደግሞ የመውለጃዋ ቀን በእናቲቱ ካርድ ላይ በእኛ አቆጣጠር፣ ከበዓሉ ጋር ይጻፍ። «ሚያዝያ 23፣ ጊዮርጊስ» ተብሎ የተጻፈላትን ሴት አማቷም፣ ባሏም፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቀኑን አብረዋት ይቆጥራሉ፤ ከሁለት ሳምንት በፊትም ጤና ጣቢያው ወዳዘጋጀው የእናቶች ማቆያ ያደርሷታል።