ማስማል ምክር አይደለም



አንድ ወንድም ጫትና ሺሻ ይዞታል ሲባል በየሰፈራችን የምናደርገው ይታወቃል። ጀመዓው ይሰበሰባል፣ ኡስታዝ ይጠራል፣ እናት ጥግ ይዛ ታለቅሳለች፣ ልጁ መሐል ይቀመጣል። ስለ ጀሀነም ይነገረዋል፣ ስለ እናቱ ድካም ይነገረዋል። በመጨረሻ ቁርኣን ይቀርብና «ወላሂ ሁለተኛ አልቅምም» እናሰኘዋለን። ዱዓ ተደርጎ ይበተናል። ልጁን ግን አንዲት ጥያቄ የጠየቀው ሰው የለም።

እኛ «መከርነው» የምንለው ይህንን ነው!

ከዚያስ? ሐራራው ይመጣል። ቀን ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ይህ እንደሚመጣ ማንም አልነገረውም። አንድ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ይገኛል። አሁን ቃሚ ብቻ ሳይሆን መሐላ አፍራሽም ሆኗል። መስጂድ መምጣት ያፍራል፣ ከሶፍ ይጠፋል። እኛም «መክረነው እምቢ አለ» ብለን እንገላገላለን።

መሐላ ላፈረሰ ሰው መውጫው ሱረቱል ማኢዳ 89ኛው አንቀጽ ላይ አለ፦ ዐስር ምስኪን ማብላት ወይም ማልበስ ወይም ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያልቻለ ሦስት ቀን መጾም። የኸምር ክልከላ የመጣበት ደግሞ ቀጣዩ፣ 90ኛው አንቀጽ ነው። እኛ ግን 90ኛውን እናነብለትና 89ኛውን እንዘለዋለን። ልጁ በሩ ለዘላለም የተዘጋበት ይመስለዋል።

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ደጋግሞ የሚቀርብ ሰው ነበር። ይቀጣል፣ ተመልሶም ይጠጣል። አንዱ ሲረግመው ነብዩ ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቡኻሪ ዘግበውታል። ወንጀሉ ወንጀል ነው፤ ሰውየው ግን ከጀመዓው አልተባረረም። እኛ ገና በሁለተኛው ስህተት እናባርራለን።

ዊሊያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1983 የመጠጥ ሱሰኞችን ስለማማከር ሲጽፍ አንድ ነገር አስተውሏል፦ አማካሪው ሲገፋ ሱሰኛው ለሱሱ ጥብቅና ይቆማል። ስለዚህ የመተዉ ምክንያት ከራሱ አፍ እንዲወጣ መጠየቅና መስማት ይሻላል። ጫቱ ምን ይሰጥሃል? ምን ወሰደብህ? ሥራ ብታገኝ ከሰዓቱን በምን ታሳልፈዋለህ? ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ምስጢር መጠበቅ ግን ያስፈልጋል። ዐስር ላይ የነገረን መግሪብ ላይ ሰፈሩ ውስጥ ከተሰማ ሁለተኛ አይነግረንም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ «ክፍል ውስጥ ቆልፈን እናስተወዋለን» የሚለው ጀግንነት ነው። ጫት ያቆመ ሰው ይጨነቃል እንጂ ብዙውን ጊዜ ለሕይወቱ አያሰጋውም። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሊያስተው፣ ሊገድለውም ይችላል። ትራማዶል የለመደም ሐኪም ቀስ በቀስ ያስተወዋል እንጂ ቁልፍ አያስተወውም። እነዚህ ጉዳዮች የሆስፒታል ናቸው። አዲስ አበባ አማኑኤል አለ፤ በክፍለ ሀገር ከተሞች ባለሙያው ጥቂት መሆኑን እናውቃለን፣ ቢሆንም ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ከተቆለፈ በር ይሻላል። (ባለሙያዎቹም ቢሆኑ ልጁ ሰላቱን ሲያነሳ «እሱን ተወውና» ማለት ቢተዉ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የቀረችው ገመድ እሷው ናት።)

በርጫ ላይ ሲመረቅን ውሎ ማታ ልጁን ስለ ጫት ለሚገስጽ አባት ምን እንበለው? ልጁ እየሳቀበት መሆኑን ብቻ እንንገረው።

የጠፋው ወንድም አንድ ቀን የመስጂዱ በር ላይ ቆሞ ካያችሁት ሰላምታ ስጡትና ቦታ ልቀቁለት። ስለ መሐላው አትጠይቁት።