ሥሩ የሚደማው አበባ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። ስሟ እንዳይገለጽ የጠየቀችን እህታችን እንዲህ ትላለች፦

«አክስቴ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ዓመታቸው ነው። ሰሞኑን ከቤታችን ጀርባ ካለው ጫካ ነጭ አበባ ቆፍረው አመጡ። ሥሩ ሲሰበር ደም የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ጉንጫቸው ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ በቅርቡ እያደገ መጥቷል። ‹ይኼ ያጠፋልኛል፣ ልቀባው ነው› ብለው ድርቅ አሉ። ምን ይሻለኛል?»

የኔ እህት፣ መጀመሪያ እንዳይቀቡት አድርጊ፤ ሌላው ወሬ ይደርሳል።

እኔ ከ12ኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፣ ሐኪምም አይደለሁም። ግን እዚሁ ጎረቤትሽ ቨርጂኒያ ስለምኖር አበባውን አውቀዋለሁ። ፈረንጆቹ «ብለድሩት» ይሉታል፤ ሥሩ የሚደማ ለማለት ነው። የሚፈካው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል፣ ትልልቆቹ ዛፎች ቅጠል ሳያወጡ ነው። ከመሬት ሲወጣ አንዲት ቅጠል አበባውን እንደ ሕፃን ጠቅልላ ትይዘዋለች። በአንድ ዘንግ አንድ አበባ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 8፣ አንዳንዴም እስከ 12 ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች አሉት፣ መሐሉ ቢጫ ነው። ማታ ይከደናል፣ በጥቂት ቀን ይረግፋል።

ታዲያ አበባውን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ፖቶማክ ወንዝ ዳር 8 ነጫጭ ቆጥሬ «ይኸው ብለድሩት!» ብዬ ለጓደኛዬ ደስኩሬያለሁ። ዝቅ ብላ ቅጠሉን ያየችው እሷ ናት፤ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ለሁለት የተከፈለ ነው። ለካ «ትዊንሊፍ» የሚባል ሌላ አበባ ኖሯል! የብለድሩት ቅጠል አንድ ነው፣ ጠርዙ ገባ ወጣ ይላል፤ ሲሰበርም ቀይ ፈሳሽ ያወጣል።

ያ ቀይ ፈሳሽ ነው ጉዱ። ሳንጉዊናሪን የሚባል መርዝ አለበት። ቆዳ ላይ ሲቀባ የታመመውንም ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላል። ጥቁር ቅርፊት ሠርቶ ሲወድቅ «ተነቀለልኝ» ያሰኛል፤ ነገሩ ካንሰር ከሆነ ግን ከሥር ቀርቶ ተደብቆ ሊያድግ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ከዚህ ተክል የሚሠራውን «ብላክ ሳልቭ» የተባለ ቅባት ሰው እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል።

አክስትሽን ግን «ኋላ ቀር» ብለሽ እንዳትሟገቺ። ቅጠል የሚያውቅ ሰው አገር ቤት የተከበረ ነው። «እትዬ፣ ያገራችንን ቅጠል ያውቃሉ፤ ይሄ ግን የሰው አገር ቅጠል ነው» በያቸው። እያደገ ያለ ጥቁር ነጥብ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚሁ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይዘሻቸው ሂጂ፣ አብረሻቸው ገብተሽ አስተርጉሚላቸው።

የከርሞ ሰው ይበላችሁና፣ አበባው ሲፈካ አብራችሁ ሂዱና እዩት። ማየት ነው እንግዲህ፤ መቆፈሪያው እቤት ይቅር!