ኩሬው ሲቆፈር የጤና ባለሙያውም ይጠራ

በዓሣ ዝርያ ብዛት ከአገራችን ተፋሰሶች የባሮ አኮቦን የሚያህል የለም። አኙዋኮች ኦፔኖ የሚሉትን ባሮን ጨምሮ በጊሎ፣ በአልዌሮና በአኮቦ ወንዞች ከ100 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓሣ ከወንዝና ከሐይቅ ብቻ ሳይሆን ከኩሬም እንዲገኝ እያበረታታ ነው። ወንዝ ሞልቶ ሳለ ጋምቤላ ውስጥ ኩሬ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ባሮ በክረምት ሲሞላ ማጥመድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ግን ጥያቄውን አያነሳም። ሐኪም እንደመሆኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ። የምቃወመው ኩሬን የግብርና ሥራ ብቻ አድርጎ ማየትን ነው።

አስቀድሞ ስለ ጥቅሙ። 100 ግራም የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ትንንሽ ዓሣዎች በደንብ በስለው ከነአጥንታቸው ሲበሉ ካልሲየም ይገኝባቸዋል። እ.አ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙት በአገር አቀፍ ደረጃ 38 በመቶ፣ በአማራ ክልል 46 በመቶ ሲሆኑ በጋምቤላ 24 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ዓሣ ነው ማለት አይቻልም፤ የኑዌር ከብት ወተትም አለ፣ ሌላም ብዙ ምክንያት ይኖራል። ደግሞም በዚያው ጥናት ከቁመታቸው አንጻር የከሱ ሕፃናት በጋምቤላ 14 በመቶ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ ግን 10 ነበር። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ሳይቆራረጥ የሚገኝ ዓሣ ለክልሉ ሕፃናት ትርጉሙ ትልቅ ነው።

ዓለምም ወደዚያው እየሄደ ነው። እ.አ.አ. በ2022 በእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላ የውኃ እንስሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባሕርና ከወንዝ ከተጠመደው በልጧል። ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ግብፅ ስትሆን በብዛት የምታረባውም የእኛኑ ቆሮሶ ነው። ይሁን እንጂ ቀድመው የጀመሩት አገሮች ያዩትን ችግር ልብ ማለት ይበጃል። ውኃው ከተበከለ ብክለቱ ገበታ ላይ መድረሱ አይቀርም። እ.አ.አ. በ1988 በቻይና ሻንጋይ ከተማ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው በሄፓታይተስ ኤ ታሞ ነበር። መነሻው በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ ውኃ የተለቀመና በቅጡ ሳይበስል የተበላ ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ ነው። ኖርዌይ በበኩሏ የሳልመን ዓሣዎቿን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ስታክም ቆይታ ክትባት ስታገኝ መድኃኒቱን እጅግ ቀነሰች፤ ምርቷ ግን ብዙ እጥፍ አደገ። ለሰው የታዘዘ ቴትራሳይክሊን ከዶሮና ከዓሣ መኖ ጋር መቀላቀል ሲጀመር ነገ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት እናጣለን።

ወደ ጋምቤላ ስንመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ወባ ነው። ኩሬ ሁሉ ትንኝ ያራባል ማለት ስህተት ነው። ዓሣ ያለበት፣ ዳሩ ቀጥ ብሎ የተቆፈረና ከሣር የጸዳ ኩሬ ለትንኝ እጭ አይመችም፤ ዓሣውም እጩን ይበላዋል። አደገኛው የተተወ ኩሬ ነው። በምዕራብ ኬንያ የተደረገ ጥናት የተተዉ የዓሣ ኩሬዎች በሥራ ላይ ካሉት ይልቅ እጅግ የበዛ የወባ አስተላላፊ ትንኝ እጭ እንደተገኘባቸው አሳይቷል። መኖ ሲወደድ ወይም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባለቤቱ ይሄዳል፣ ዓሣው ያልቃል፣ ሣሩ ይበቅላል፣ ውኃው ግን ይቀራል። እኛ ደግሞ ሪፖርት ላይ መጻፍ የምንወደው የተቆፈረውን ቁጥር ነው። በሦስተኛው ዓመት ዓሣ ያለበት ስንቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አይታይም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከጋምቤላ ውጭ ያለ አንባቢ እምብዛም የማይሰማው ነው፤ ጊኒ ዎርም። ይህ በሽታ እ.አ.አ. በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ ነበር። ዛሬ በጣት በሚቆጠሩ አገሮች ብቻ ነው ያለው። ከእነዚያ አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን ስፍራው የጋምቤላዎቹ ጎግና አቦቦ ወረዳዎች ናቸው። የትሉ እጭ በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ የውኃ ነፍሳት ውስጥ ይኖራል። ሰው ያን ውኃ ሳያጣራ ከጠጣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ በኩል፣ ቆዳውን ቀድዶ ይወጣል። የሚያቃጥለውን እግር ለማቀዝቀዝ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ትሉ እጩን ይለቃል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀመራል። እ.አ.አ. በ2017 በአገራችን የተመዘገቡት 15 ታማሚዎች በአቦቦ ወረዳ ካለ ሰፊ እርሻ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ለጉልበት ሥራ ከሌላ አካባቢ የመጡ ሠራተኞች ያልተጣራ የኩሬ ውኃ ጠጥተው ነው የታመሙት። በ2020 ደግሞ 11 ሰዎች ታመዋል።

ዓሣ እዚህ ውስጥ ምን አገባው? በቻድ ውሾች በዚህ ትል በብዛት መያዛቸው ሲጠና፣ ዓሣ ነፍሳቱን ሲበላ እጩን በአካሉ ሊሸከም እንደሚችልና ውሻ ጥሬውን ወይም የተጣለውን ሆድ ዕቃ ሲበላ ሊያዝ እንደሚችል ታወቀ። በእኛም አገር ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ በጎግ ወይም በአቦቦ አዲስ ኩሬ የሚቆፍር ሰው ሳያውቀው ሰውም፣ ውሻም፣ ዝንጀሮም የሚጠጣበት አዲስ ውኃ እየፈጠረ ነው። ይህን በዲዛይኑ ላይ ያላሰበ ፕሮጀክት ከመነሻው ጎደሎ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቦታው ሲመረጥ ጀምሮ ብትኖር ታጥሮ ይሠራ ትላለች፤ ሠራተኛው የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ትጠይቃለች፤ ኩሬው ሥራ ሲያቆም ማን እንደሚደፍነው በጽሑፍ ይቀመጥ ትላለች። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። የወረዳው ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች አንድ ቅጽ ላይ ቢፈርሙ ይበቃል።

በየቤቱ ደግሞ የሚደረግ አለ። የጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪ በሚደርስበት ወቅት ያለ በረዶ የዋለ ዓሣ ከሰዓት በኋላ አይገዛም። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳውን ይምረጡ። ጥሬ ዓሣ የሚወዱ ሐዋሳም ባሕር ዳርም አሉ፤ ሎሚና ሚጥሚጣ ግን የጥገኛ ትሎችን እጭ አይገድልም፤ የሚገድለው እሳት ነው። የደረቀ ዓሣም ቢሆን ከመብላትዎ በፊት በደንብ ይብሰል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን አጥንቱ በጥንቃቄ የተለቀመ፣ የበሰለና የተፈጨ ዓሣ ከገንፎው ጋር መስጠት ይቻላል። አጎበር ለዓሣ ማጥመጃ አይዋል፤ ኩሬና ወንዝ ውስጥም አይታጠብ፤ የተነከረበት መድኃኒት ዓሣ ይገድላል።

የዓሣውን ሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አድርገው ይቅበሩት፤ ውኃ ዳር አይጣሉት። በሰው እግር ላይ የሚያቃጥል እብጠት ወይም ከቁስል የሚወጣ ትል ካዩ ትሉን አይጎትቱት፤ ከተበጠሰ ከባድ ኢንፌክሽን ያመጣል። ታማሚው ወደ ወንዝም ወደ ኩሬም እንዳይገባ አድርገው በዚያው ቀን ለቅርብ ጤና ኬላ ያሳውቁ። በውሻ ላይ ካዩም እንዲሁ፤ ውሻውን አስረው ይጥሩ።